ከፓስፖርት ጋር የምትጓዝ ቢጫ ካርድ

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከፓስፖርቱ ገጾች መሀል ሸጉጦ የሚይዛት አንዲት ቢጫ ካርድ አለች። የቢጫ ወባ ክትባት የተወጋበት ቀን፣ የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ የባለሙያው ፊርማና የጤና ተቋሙ ማኅተም ሰፍሮባታል። ብዙዎቻችን የምናስታውሳት በሩጫው መጨረሻ ነው፤ ቪዛው ተመትቶ፣ ቲኬቱ ተቆርጦ፣ «ካርድህስ?» ስንባል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ እንዳለበት ያኔ የሚሰማ ሰው ጥቂት አይደለም።

ይህች ካርድ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ታሪክ አላት። ቁርጥራጩን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንዱ ስለ ኳራንቲን፣ አንዱ ስለ ፈንጣጣ፣ ሁሉም ስለ ኮቪድ ሰምቷል። ቁርጥራጩ ሲያያዝ ግን የሚያስጨንቅ ነገር ይታያል። የመንገደኛ የጤና ወረቀት የተፈጠረው አገሬውን ከመንገደኛው ለመጠበቅ ነው፤ መንገደኛውን ራሱን መጠበቅ የታሰበው በጣም ዘግይቶ ነው። ወረቀቱ የሚታመነውም ፈራሚው እውነቱን ቢናገር እንደማይቀጣ እርግጠኛ ሲሆን ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት፣ ዓ.ም. ወይም በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1377 እስከ 1720፦ አርባ ቀን

በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለችው ራጉዛ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ እንጀራዋ ንግድ ነበር። ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ በ1348 ከደረሰባት በኋላ ደግሞ ደጋግሞ ተመለሰባት። ከተማዋ በሯን ብትዘጋ ትራባለች፣ ብትከፍት ታልቃለች። ሐምሌ 1377 ላይ ምክር ቤቷ መሀለኛ መንገድ አገኘ፦ ወረርሽኝ ካለበት ቦታ የመጣ ሰው በመርካን ደሴት ወይም በጻቭታት ከተማ አንድ ወር ሳይቆይ ወደ ራጉዛ አይገባም። ከበሽተኛው ይልቅ ጤነኛ የሚመስለውን እንግዳ ለይቶ ማቆየት አዲስ ሐሳብ ነበር።

ሠላሳው ቀን ቀስ በቀስ አርባ ሆነ፤ በጣሊያንኛ ኳራንታ ማለት አርባ ነው፤ ኳራንቲን የሚለው ቃልም ከዚያ መጣ። ለምን አርባ እንደሆነ ብዙ ተብሏል። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት መጾሙን፣ ሙሴ በሲና ተራራ ያንኑ ያህል መቆየቱን ለሚያውቅ አንባቢ ግን ቁጥሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ አርባ የመንጻት ቁጥር ነው።

ቬኒስ በ1423 ለወረርሽኙ ሕሙማን ብቻ የሚሆን ማቆያ በአንድ ደሴት ላይ አቋቋመች። ከዚያ ቀጥሎ ወረቀቱ መጣ። መርከብ ከወደብ ሲነሣ የከተማው ሹም «እዚህ ወረርሽኝ የለም» ብሎ የሚፈርምበት የጤና ሰነድ ይይዝ ጀመር። ንጹሕ ሰነድ የያዘ ቶሎ ይገባል፤ የተጠረጠረ ይቆያል። ደብዳቤ ሳይቀር በጭስ ይታጠናል፣ በኮምጣጤ ይነከራል። በሽታውን ቁንጫ እንደሚያስተላልፈው ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ሰነዱ የት ላይ እንደሚሰበር ያሳየችው ማርሴይ ናት። ግንቦት 1720 ላይ ግራን ሴንት አንቷን የተባለች መርከብ ከሊባኖስ ወደቦች ጨርቃ ጨርቅ ጭና ደረሰች። ከዚያ ስትነሣ የተቀበለችው ሰነድ ንጹሕ ነበር። በመንገድ ላይ ግን መንገደኛና መርከበኞች ሞተውባታል፣ ሐኪሟም ሞቷል። በደንቡ ራቅ ወዳለ ደሴት ተልካ መቆየት ነበረባት። ነገር ግን ጭነቱ ለቦኬር ዓመታዊ ገበያ መድረስ አለበት፤ ከጭነቱ ባለቤቶችም አንዱ የከተማዋ ሹም ነበር። ጨርቁ ወደ ከተማዋ ማቆያ ገባ፤ ከማቆያው ወደ ከተማው ወጣ። ከ90 ሺህ ገደማ ነዋሪ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋው አለቀ።

ከ1851 እስከ 1892፦ እንፋሎትና ኮሌራ

በመቶ ዓመት ውስጥ ሸራ በእንፋሎት ሞተር ተተካ፣ ባቡር መጣ። የቤንጋል ኮሌራ ከ1817 ጀምሮ ከንግዱና ከወታደሩ ጋር ተጉዞ በ1830ዎቹ አውሮፓን አዳረሰ። ወደ እኛም በቀይ ባሕር በኩል ደጋግሞ ገብቷል፤ አባቶቻችን ፈንግል ይሉት ነበር።

እያንዳንዱ ወደብ የራሱን የማቆያ ሕግ ሲያወጣ ነጋዴው ግራ ተጋባ። ሐምሌ 1851 ላይ 12 መንግሥታት ፓሪስ ተሰበሰቡ፤ እያንዳንዱ አንድ ሐኪምና አንድ ዲፕሎማት ላከ። ስድስት ወር ተከራከሩ። ሐኪሞቹ ኮሌራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል በሚሉትና ከመጥፎ አየር ይመጣል በሚሉት ተከፈሉ። ዲፕሎማቶቹ የንግዳቸውን ኪሳራ አሰሉ። የሚጸና ስምምነት ሳይገኝ ተለያዩ።

ነገሩን ያጣደፈው 1865 ነው። በዚያ ዓመት ኮሌራ መካ ላይ በሑጃጅ መሀል ገብቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩትን ገደለ። የተረፉት በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዌዝ፣ ከዚያ ወደ እስክንድርያ ሲመለሱ በሽታውም አብሮ ሄደ፤ በሳምንታት ውስጥ የሜዲትራኒያን ወደቦችን አዳረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የሱዌዝ ቦይ ተከፈተ። አውሮፓ በሯ ከደጃፏ ይልቅ ቀይ ባሕር ላይ እንዲጠበቅላት ፈለገች፤ ከየመን ዳርቻ ያለችው የካማራን ደሴት የሑጃጅ ማቆያ ሆነች። በ1892 ቬኒስ ላይ የተፈረመው የመጀመሪያው ስምምነትም ዋና ጉዳዩ በሱዌዝ የሚያልፉ መርከቦች ነበሩ። በእነዚህ ስምምነቶች ውስጥ ለድሃው ሑጃጅ መርከብ የተጻፈው ደንብና ለአውሮፓዊው ተሳፋሪ የተጻፈው ደንብ አንድ አልነበረም። ይህን ሳነብ ደስ አይለኝም፤ በሽታው የክፍል ደረጃ እንደማይለይ ሮበርት ኮህ በ1883 እና በ1884 ባክቴሪያውን በእስክንድርያና በካልካታ ካጠና በኋላ መታወቅ ነበረበት።

መንገደኛውን ራሱን ያዳነ የመጀመሪያው ትልቅ ግኝት የመጣው በሌላ አቅጣጫ ነው። በ1841 ወደ ኒጀር ወንዝ የዘለቀው የእንግሊዞች ጉዞ አብዛኛው አውሮፓዊ አባሉ በንዳድ ወድቆበት፣ ብዙዎቹን አስቀብሮ ተመለሰ። በ1854 በዚያው ወንዝ የሄደው ሐኪሙ ዊልያም ባይኪ ሰዎቹ ሳይታመሙ በፊት ጀምሮ በየቀኑ ኪኒን አስዋጣቸው፤ አንድም ሰው አልሞተበትም። መድኃኒቱ የቅኝ ገዢውንም መንገድ መክፈቱ መካድ የለበትም። የመድኃኒቱ ስም ግን በአማርኛችን የቀረ ይመስለኛል፤ ዛሬ የራስ ምታትም ሆነ የግፊት፣ የሚዋጠውን እንክብል ሁሉ ክኒን እንለዋለን።

ከ1881 እስከ 1918፦ ትንኟ

ቢጫ ወባ ወባ አይደለም። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ «ቆላ ወርጄ ስለማውቅ ተላምጄዋለሁ» የሚል አጋጥሞኛል። ወባ ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ይህ ቫይረስ ነው። የምታስተላልፈውም ትንኝ ሌላ ናት፤ ቀን ትነድፋለች፣ በጋንና በበርሜል ውኃ ትራባለች። በጸናበት ሰው ጉበቱ ይጎዳል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁር ያስታውከዋል። ከአፍሪካ በባሪያ መርከቦች ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1793 በፊላዴልፊያ ብቻ 5 ሺህ ገደማ ሰው ፈጅቷል። ፈረንሳዮች በ1880ዎቹ የፓናማን ቦይ ሲቆፍሩ ከወባ ጋር ተባብሮ 22 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ገደለባቸው ይባላል።

የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በ1881 «የምታዛምተው ትንኝ ናት» ሲል የሰማው አልነበረም። ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በ1900 በዋልተር ሪድ የተመራ የአሜሪካ ጦር ቡድን ሃቫና ሄዶ ፈተነው፤ ከቡድኑ አንዱ፣ ጄሲ ላዚር፣ በዚያው በሽታ ሞተ። ፊንላይ ልክ ነበር። ከዚያ ዊልያም ጎርጋስ በሃቫና፣ ቀጥሎም በፓናማ፣ የውኃ ጋኑን እየከደነ፣ ኩሬውን እያደረቀና ዘይት እያፈሰሰበት ትንኟን አሳደደ። ቦዩ በ1914 ተከፈተ።

እንፋሎቱ ወደ እኛም ደረሰ፤ የአዲስ አበባ ባቡር ከጅቡቲ የገባው በ1917 ነው። በዓመቱ፣ ኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን መታ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመሙ፤ በአዲስ አበባ የሞተው ሰው በሺዎች ተቆጠረ። የኅዳር በሽታ ብለን የምናስበው እርሱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጨሰውም ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የትኛውም ወደብ ላይ የተፈረመ ሰነድ ሊያቆመው አልቻለም።

ከ1927 እስከ 1944፦ የአሲቢ ደምና አውሮፕላን

በ1927 በዛሬይቱ ጋና አሲቢ የተባለ ሰው በቢጫ ወባ ታመመ። ተመራማሪዎች ደሙን ወስደው ለጦጣ ወጉ፤ ጦጣው ታመመ። ቫይረሱ በቤተ ሙከራ ሲያዝ የመጀመሪያው ነው። አሲቢ ዳነ። በሽታውን ከሚያጠኑት መሀል ግን የሞቱ ነበሩ፤ አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት ሌጎስ ላይ፣ ጃፓናዊው ሂዴዮ ኖጉቺ በቀጣዩ ዓመት አክራ ላይ ሞቱ።

ፕሪቶሪያ የተወለደው ማክስ ታይለር ይህንኑ የአሲቢን ቫይረስ ኒውዮርክ ላይ በአይጥ ሽልና በዶሮ ሽል ሕዋስ ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ አሳለፈው። ቫይረሱ ደከመ፣ ለመግደልም አቃተው። 17ዲ የተባለው ክትባት በ1937 ታወጀ፤ ታይለርም በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬም የሚሰጠው ያው ነው፣ የሚሠራውም በዶሮ እንቁላል ነው። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ሁሉ የተወጋው መነሻው የአንድ ጋናዊ ደም ነው፤ የአሲቢ ስም ግን ከሙያው ሰዎች በቀር ማንም አያውቀውም።

በዚሁ ጊዜ አውሮፕላኑ የማቆያን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። የመርከብ ሳምንታት ራሳቸው ማቆያ ነበሩ፤ የታመመ ሰው ከወደብ ሳይደርስ ይታወቃል። ቢጫ ወባ ከንድፊያ በኋላ ምልክቱ ለመታየት ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ይወስዳል። አውሮፕላን ደግሞ በጥቂት ቀን ከምዕራብ አፍሪካ ሕንድ ያደርሳል። በሕንድ ትንኟ ሞልታለች፣ በሽታው ግን ገብቶባት አያውቅም፤ ከገባ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ክትባት ያላገኘ ሕዝብ ይጠብቀዋል። በ1933 ሄግ ላይ ለአየር ጉዞ ብቻ የተለየ የጤና ስምምነት የተፈረመው ከዚህ ፍርሃት ነው። በ1944 ተሻሽሎ ፈራሚ መንግሥታት የሚቀበሉት አንድ ዓይነት የክትባት ምስክር ወረቀት ተዘጋጀ። ያ ፍርሃት እስከ አሁን አለ፤ ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ካርዱን ካልያዘ እስከ ስድስት ቀን ሊያቆዩት ይችላሉ።

መሀል ላይ ግን አንድ ከባድ ጥፋት ደርሷል። በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች የተሰጠው ክትባት እንዲረጋ የሰው ደም ሴረም ተጨምሮበት ነበር፤ ሴረሙም የጉበት ቫይረስ ነበረበት። ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች በጉበት በሽታ ታመሙ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሴረም ከክትባቱ ወጣ።

ከ1951 እስከ 1962፦ ስድስቱ በሽታዎችና ኦሞ

በ1948 የተቋቋመው የዓለም ጤና ድርጅት የተበታተኑትን ስምምነቶች ሰብስቦ ግንቦት 1951 ላይ አንድ ደንብ አደረጋቸው። ስድስት በሽታዎች ተዘረዘሩ፦ ኮሌራ፣ ወረርሽኙ ጥቁር ሞት፣ ፈንጣጣ፣ ቢጫ ወባ፣ ተስቦና በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት። ቢጫ ካርዷ የዓለም መንገደኛ ሁሉ መታወቂያ ሆነች።

ደንቡ አሥር ዓመት ሳይሞላው በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች እጅግ የከፋው ተነሣ፤ የተነሣውም በእኛ አገር ነው። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ ባሉ አገሮች በግምት 100 ሺህ ሰው ታመመ፣ 30 ሺህ ገደማ ሞተ። የአዲስ አበባው የፓስተር ተቋም ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲከታተሉ ያገኙት ነገር የቤት ጓሮ ውስጥ ነበር። ቫይረሱ በጫካ ዝንጀሮዎች መሀል ይኖራል። በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ የዝናብ ውኃ ይጠራቀማል፤ በዚያ ውኃ አንድ የትንኝ ዝርያ ትራባለች። እንሰት ደግሞ የሚተከለው ከቤቱ አጠገብ፣ ከማጀቱ ኋላ ነው። ቤተሰቡን ከረሃብ የሚታደገው ተክል ትንኟንም በደጁ አሳደራት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማለት የምፈልገው አለ። ክትባቱ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ቦምቤይ የሚበር መንገደኛ ተወግቶ፣ ካርዱ ተመትቶለት ይሄዳል። የኦሞ ገበሬ የትም አይበርምና ካርድ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ስለዚህም ክትባቱ አልደረሰውም። ሥርዓቱ የተሠራው በሽታው ድንበር እንዳይሻገር ነበር፤ በሽታው ባለበት የሚኖረው ሰው ከሥርዓቱ ውጭ ቀረ።

ከ1967 እስከ 1981፦ የተቀደደው ገጽ

በ1960ዎቹ ያለ ፈንጣጣ ክትባት ማስረጃ ወደ ብዙ አገሮች መግባት አይቻልም ነበር። በ1972 ሐጅ ፈጽሞ በኢራቅ በኩል ወደ ኮሶቮ የተመለሰ አንድ ሰው ያመጣው ፈንጣጣ በዩጎዝላቪያ 175 ሰው አሳመመ፣ 35 ገደለ፤ መንግሥቱም 18 ሚሊዮን ሕዝብ ከተበ። አገሮች ድንበር ላይ ካርድ ከሚመረምሩ ይልቅ በሽታውን ከምንጩ ማድረቅ እንደሚረክስ እየገባቸው የመጣውም በነዚህ ዓመታት ነው።

የማድረቁ ሥራ በ1967 ተጠናከረ፤ ከመጨረሻዎቹ ምሽጎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዘመቻው እዚህ በ1971 ሲጀመር የጤና ባለሙያዎቻችን ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዘው በበቅሎና በእግር ሸንተረሩን ወጡ ወረዱ። ነሐሴ 1976 ላይ ዲሞ በተባለች የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ መንደር የአገሪቱ የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። ጥቅምት 1977 ላይ ሶማሊያ መርካ ውስጥ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረው ዓሊ ማዎ ማሊን ያዘው፤ በተፈጥሮ የተዛመተ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። መርፌውን ፈርቶ ክትባቱን ሸሽቶ ነበር። ዳነ፤ በኋላም በፖሊዮ ዘመቻ ተሰማርቶ የራሱን ታሪክ ለወላጆች እየነገረ ልጆቻቸውን አስከተበ። በ1980 ፈንጣጣ መጥፋቱ ታወጀ፤ በቀጣዩ ዓመት ከደንቡ ወጣ።

የኮሌራው ማስረጃ ቀድሞ፣ በ1973፣ ተሰርዟል፤ የዚያ ዘመን ክትባት ግማሹን ሰው እንኳ በቅጡ የማይከላከል፣ ለወራት ብቻ የሚቆይ ነበርና።

ከ1987 እስከ 2007፦ ያልተዘረዘረ በሽታ

በ1987 ማጅራት ገትር በመካ ሑጃጅ መሀል ተነሣ። በ1988 እና በ1989 ያው ዝርያ በሱዳንና በኢትዮጵያ ከባድ ወረርሽኝ ሆነ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከዚያ ወዲህ የማጅራት ገትር ክትባት ያልወሰደን ሑጃጅ አትቀበልም። ይህ ግዴታ ደስ ይለኛል፤ ክትባቱ አስተናጋጇንም፣ ሑጃጁንም፣ ቤቱ የሚጠብቁትን ልጆቹንም ይጠብቃል።

ዝርዝሩ ራሱ ግን አርጅቶ ነበር። በ1990ዎቹ የቀሩት ሦስት በሽታዎች ብቻ ናቸው። ኤድስ በመካከላቸው የለም፣ ኢቦላ የለም። የካቲት 2003 ላይ ከቻይና ጓንግዶንግ የመጣ ሐኪም ሆንግ ኮንግ በሚገኝ ሆቴል ዘጠነኛ ፎቅ አንድ ሌሊት አደረ። በዚያው ሆቴል ያረፉ እንግዶች በሽታውን ወደ ሃኖይ፣ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ቶሮንቶ ወሰዱት። ሳርስ የተባለው ይህ በሽታ ከ8 ሺህ በላይ ሰው አሳምሞ 774 ገደለ። ክትባት አልነበረውም፣ ካርድም አልነበረውም፣ በዝርዝሩም አልነበረ። ጓንግዶንግ ውስጥ ግን ወራት አስቆጥሯል፤ ባለሥልጣናቱ ደብቀውት ነበር።

የመደበቁ ምክንያት ከማርሴይ ዘመን ያልተለወጠ ነው፦ ወረርሽኝ አለብኝ ያለ አገር ገበያውን፣ እንግዳውንና በረራውን ያጣል። በ2005 የጸደቀው፣ በ2007 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ዝርዝሩን ትቶ፣ ለሌላው አገር አስጊ የሆነ ማንኛውም የጤና ክስተት በ24 ሰዓት ይነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከመንግሥት ሌላ ምንጭ የመስማት መብት አገኘ። በምላሹ ሌሎች አገሮች ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይዘጉ ታዘዙ። ይህኛውን የሚያስገድድ ኃይል ግን አልተፈጠረም።

ከ2015 እስከ 2021፦ ካርድ ያለውና የሌለው

በ2015 የአውሮፓ ሐኪሞች ከመጻሕፍት ብቻ የሚያውቁትን በሽታ አዩ። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ በ1951 ከስድስቱ አንዱ የነበረው፣ በሊቢያ አድርገው ባሕር በተሻገሩ የአፍሪካ ቀንድ ልጆች ላይ ተገኘ። ተጨናንቀው ከመታጎራቸውና ልብስ የሚቀይሩበት ካለማግኘታቸው የመጣ ነው። በአንቲባዮቲክ የሚድን በሽታ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወሰነ፤ ቀድሞ የሚያገለግለው አሥር ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት አንጎላ በቢጫ ወባ ተመታች፤ እዚያ የነበሩ 11 ቻይናውያን ሠራተኞች ቫይረሱን ይዘው አገራቸው ገቡ። ከ1933 ጀምሮ የተፈራው ነገር፣ ቢጫ ወባ እስያ መድረሱ፣ ያን ጊዜ ሆነ። ሳይዛመት የቀረው በዕድል ጭምር ነው። የዓለም የክትባት ክምችት ስላለቀ በኮንጎዋ ኪንሻሳ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ለአምስት ተከፍሎ ተሰጠ። እኛም ጋ በሽታው አልጠፋም፤ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ተነሥቷል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ ለሁለት ዓመት መንገደኛ ሁሉ የምርመራ ወረቀት ይዞ ተሰለፈ። ኅዳር 2021 ላይ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ተመራማሪዎች ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ የቫይረስ ዝርያ አገኙ፤ በቀናት ውስጥ ለዓለም ተናገሩ። ደንቡ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። በማግስቱ በረራ ተዘጋባቸው። ኅዳር 26 ከደቡብ አፍሪካ የተነሡ ሁለት አውሮፕላኖች አምስተርዳም ሲያርፉ ከ600 በላይ መንገደኞች ለሰዓታት በአንድነት ታገቱ፤ ሲመረመሩ 61ዱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከአራት ቀን በኋላ የኔዘርላንድ የጤና ተቋም ቀደም ብሎ ከተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ኦሚክሮንን ማግኘቱን አስታወቀ። ናሙናዎቹ የተወሰዱት ኅዳር 19 እና 23 ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ከደቡብ አፍሪካ ከመነሣታቸው በፊት።